የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት

የዚህ ቤት ክብሪት የት ነው የሚገባው?

ምራት ይህን ጥያቄ ካገባች ጀምሮ ተሸክማው ኖራለች። ባሏ ግን መልሱን አንድ ጊዜ አግኝቶ ጨርሷል፤ አባካኝ ናት።

"ክብሪት ትበያለሽ እንዴ?" ይላታል።

ከእነሱ ሌላ በቤቱ ያሉት እናቱ ብቻ ናቸው። አስም አለባቸው። ሲጋራን ክፉኛ ስለሚጠሉ የግቢውን ዘበኛ "ጭስ ጭስ ትላለህ" ብለው አስባርረዋል። ከረሜላ ከአፋቸው አይጠፋም። መታጠቢያ ቤት ከገቡ ቆልፈው ይቆያሉ። የአስም ክኒናቸውን ጠዋትና ማታ የምትሰጣቸው ምራታቸው ናት።

በቅርቡ ልጃቸው፣ ብርድ እንዳይመታቸው ብሎ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት በሚስማር ቸነከረው። ምርቃት ሲጠብቅ አኮረፉት። ከዚያ ወዲህ በሆነው ባልሆነው ይቆጡ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ያስመልሳቸው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ልባቸውም በር እንደሚደበድብ እንግዳ ይመታ ጀመር።

ሆስፒታል ደማቸው ሲመረመር የአስሙ መድኃኒት ከልክ በላይ ሞልቶበት ተገኘ። ዶክተሯ የልብ ምታቸውን የሚያሳይ ማሽን ገጠመችላቸው፤ የቀረውን መድኃኒት ከሆዳቸው እንዲመጥ ብላም በውሃ የተበጠበጠ የከሰል ዱቄት አጠጣቻቸው።

ልጅየው የእናቱን የጠቆረ አፍ ሲያይ ወደ ሚስቱ ዞረ። ክኒኑ በእሷ እጅ እንደሆነና እናቱንም እንደማትወዳቸው ተናገረ። ዶክተሯ ብልቃጡን አይታ ከሚገባው በላይ አልጎደለም አለች።

"ሌላ ገዝታ ነዋ" አለ። ከዚያ ለሚስቱ፣ "ነገሩ ሳይጣራ ቤቴ አትገቢም።"

ዶክተሯ ጥያቄዋን ቀጠለች። ሌላ መድኃኒት ጀምረዋል? ጉበታቸውን ያማቸዋል? ያጨሱ ከነበረስ በቅርቡ አቁመዋል? ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ የተለመደው መጠን ራሱ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ልጅየው ሁሉንም የለም አለ። በመጨረሻው ጥያቄማ ሳቀ።

"እናቴ? ዘበኛ ያስባረረች ሴትዮ?"

ከዚያ ዘመድ ሊጠራ ስልኩን ይዞ ወጣ። ዶክተሯም ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

አማትየው በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ምራታቸውን ጠቀሷት። ጎንበስ አለችላቸው።

"ልጄ፣ ያን ሚስማር ንቀይልኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ክብሪትሽን ሁሉ እመልስልሻለሁ።"

ምራት ሚስማሩን እዚያው ይቅር ብላ ዶክተሯን ልትጠራ ተነሳች።