ለአባዬ የተሰጠው ሦስት ደቂቃ

"ሦስት ደቂቃ አለዎት" ትለዋለች ሰብሳቢዋ፣ የእጅ ሰዓቷን እያየች።

"ሦስት ደቂቃማ ለጢምም አይበቃም" ይላል አባዬ፣ ቆሞ ኮቱን እየቆለፈ። አዳራሹ ይስቃል። ከሰፈሩ ወንድ ግማሹ ደንበኛው ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ጸጉራቸውን ሲቆርጥ ኖሯል። "በየሳምንቱ አንገታችሁን ለምላጬ ትሰጡኛላችሁ። ዛሬ ጆሯችሁን ብቻ አውሱኝ።"

እኔ ከኋላ፣ ከሲስተር ጎን ተቀምጫለሁ። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ በሱስ ለተያዙ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው የሚሟገተውን ማኅበር ይመራሉ። ከከተማው ማዶ ያለው የማገገሚያ ቤት ስለጠበባቸው ሁለተኛውን እዚህ ሰፈር ሊከፍቱ ይፈልጋሉ። ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለውን ነዋሪው ዛሬ ከሰዓት በኋላ እጁን አውጥቶ ይወስናል።

"ልጄ አክስቷ ጋ ናት ብያችሁ ነበር" ይላል አባዬ። "ዋሽቻለሁ። ልጄ ታማ ነበር። እግሯ ሲሰበር የታዘዘላት የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ እግሯ ድኖም እሷን አልለቅ አላት።"

ሳቁ ይጠፋል። እኔ የጫማዬን ክር አያለሁ። ትናንት "አንቺ ካልፈቀድሽ አልናገርም" ብሎኝ ፈቅጄለት ነበር። መፍቀድና ቁጭ ብሎ መስማት ግን ለየቅል ናቸው።

"እኔም ገመናዬን ሸፋፍኜ ኖርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል፣ ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጨነቀኝና ለሲስተር ደወልኩ። ልጄን ያድኑልኝ ስላቸው ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? 'እርስዎስ እንቅልፍ ይተኛሉ?' አሉኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።" ጉሮሮውን ይጠርጋል። "አልጋ የለም ስንባል ከቢሮ ቢሮ ደጅ ጠንተው አልጋ ያስገኙላት እሳቸው ናቸው። ሰባት ወር ማገገሚያ ቤታቸው አኖሯት። ሰኞ ሰኞ ሱቄን ዘግቼ እሄድና እዚያ ያሉትን ሰዎች ጸጉር እቆርጣለሁ። የሰው ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከእናንተ የተሻለ ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ።"

ዳቦ ጋጋሪው ይነሳል። ቤቱ የሚከፈተው ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ነው።

"ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ልጅዎንም እግዜር ይማርልዎት። ግን እኔስ? ቤቱ ሳይኖር እንኳ ከባንኮኒዬ ላይ ስልኬን ወስደውብኛል። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ስልኩስ ይቅር፤ የእናቴ ድምፅ ነበረበት። ከመሞቷ በፊት የላከችልኝ።"

አባዬ ዓይኑን ወደ እኔ ይልካል። እሱ ያውቃል። ማገገሚያ ቤት ሊጠይቀኝ በመጣ ቀን በገዛ አፌ ነግሬዋለሁ። ድምፅ እንዳለበት ግን ሁለታችንም አላወቅንም።

ሲስተር እጄን አይይዙኝም፤ አይገፉኝምም። ማለፊያ እንዳገኝ ብቻ ቦርሳቸውን ከእግራቸው ሥር አንስተው ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ።

እነሳለሁ።

"እኔ ነኝ የወሰድኩት" እላለሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል። "ዳቦ ልገዛ ገብቼ፣ እርስዎ ወደ ምድጃው ዞር ሲሉ። ያኔውኑ ሸጥኩት። የእናትዎ ድምፅ... አላወቅኩም። ባውቅም ያን ጊዜ እወስደው ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ይኸው!" ይላል አንድ ሰው ከፊት። "ይኸው እኮ፣ የፈራነው!"

አበላሸሁት። ሲስተር ስንት በር ያንኳኩለትን ነገር በአንድ አፍ ገደል ከተትኩት። ቀና ስል ግን አባዬ በሰዎች ጉልበት መሃል እየተሽለኮለከ ወደ እኔ እየመጣ ነው። ይደርስና ጎኔ ይቆማል።

"ይቺ ልጅ እኔ ቤት ሳለች እውነት ተናግራ አታውቅም" ይላል። "እንዲህ ያለውን ነገር የተማረችው እነ ሲስተር ጋ ነው። ሌላ የምለው የለኝም። ሦስት ደቂቃዬም አልፏል።"

"ምንም አይደል" ትላለች ሰብሳቢዋ። ሰዓቷን አላየችም።

እጅ ይቆጠራል። ይከፈት፣ ሠላሳ አራት። አይከፈት፣ ሃያ ዘጠኝ። ጋጋሪው ለሁለቱም እጁን አላወጣም። ሲስተር "ተመስገን" ብለው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ በሻርፓቸው ጫፍ ይጠርጉታል፤ ደጋግመው ይጠርጉታል።

ወደ አባዬ እዞራለሁ። ምን ብዬ፣ ከየት ጀምሬ እንደማመሰግነው አላውቅም።

"አባዬ..."

"ተይ" ይለኛል ዓይኑን እያሸ። "ጉሮሮዬ ደርቋል። ይልቅ ውሃ ፈልጊልኝ።"

ውሃውን አምጥቼለት ዞር ስል አዳራሹ እየተራገፈ ነው፤ ነገ ተማሪዎች ይፈተኑበታል፣ አግዳሚዎቹ መውጣት አለባቸው። ጋጋሪው አንዱን ረጅም አግዳሚ ብቻውን ሊያነሳ ይታገላል። ሲያየኝ ቀና ይላል። አግዳሚውን መልሶ ያስቀምጣል።

"'ጨው አታብዛ' ነበር የምትለው" ይላል። "ድምፁ ላይ። ሌላ ምንም የለውም። 'ልጄ፣ ጨው አታብዛ።'"

ወደ አግዳሚው እጠጋለሁ።

"በዚያ ጫፍ ያዢ" ይለኛል።

እይዛለሁ። አግዳሚው ይከብዳል፤ ክብደቱ ደስ ይለኛል። እሱ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ወደ ኋላ መራመድ ይጀምራል።

"ደረስኩ?"

"ገና ነው፤ ሁለት እርምጃ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ደረጃው ነው፤ ቀስ ይበሉ።"

ዞር ብሎ ሳያይ፣ እግሩን ወደ ኋላ ይሰዳል።