ጨው የጎደላት ኳስ

የመጀመሪያዋ ኳስ ከሙዛፈር ጀርባ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች መሀለኛውን ከሥሩ ነቅላ ከኋላ ካለው መረብ ጋር አላተመችው።

ሙዛፈር ጥፋቱ የመምቻው ይመስል አገላብጦ አየው። ከዚያ ከሃያ እርምጃ ማዶ ወደቆመው ወደ ኢናያት ቀና አለ። "ምን ነካህ አንተ? ሚስትህ ቁርስ ከለከለችህ?"

"አመለጠችኝ፣ ሙዛፈር ብሃይ" አለ ኢናያት፣ እንደ ቡድኑ ሁሉ "ወንድም ጋሼ" ብሎ።

አላመለጠችውም። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ በልኳ የወረወረለት የመጀመሪያዋ ኳስ እሷ ነበረች።

የኢናያት ሥራ መወርወር ነው። ረጅም ማንኪያ በመሰለ የፕላስቲክ መወርወሪያ ኳሷን ይጨልፍና ያስወነጭፋል፤ የአገሩ የክሪኬት ኮከቦች የሚለማመዱት በእሱ ክንድ ነው። ከላሆር የሠፈር ጨዋታ አንስቶ እዚህ ያደረሰውም ራሱ ሙዛፈር ነው። ካቻምና አንዲት ኳሱ የሙዛፈርን ጎድን አገኘችው። ሙዛፈር ጓንቱን አውልቆ ሄደ፣ ሦስት ቀንም አልታየም። በአራተኛው ቀን ሲመለስ ኢናያት ከእጁ አንጓ ጉልበት ጥቂት ቀነሰለት። ሙዛፈር ኳሷን እንዳሻው ደበደባትና "ዛሬስ እሳት ነህ!" አለው። ከዚያ ወዲህ፣ ደም ግፊት ላለበት ባሏ ሳያውቅ የወጡን ጨው እንደምትቀንስ ሚስት፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያለ ከኳሷ ፍጥነት ይቀንስለታል።

የላሆር ሜዳ ኳስን ያዘገያል፤ ሽማግሌ ያከብራል። ሙዛፈር በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱም እዚህ ይመታል፣ ሕዝቡም ስሙን እየጠራ ይጮኻል። ቡድኑ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሄደው ግን አውስትራሊያ ነው። እዚያ ኳስ ዕድሜ አትጠይቅም።

አሠልጣኙ ሱህራብ ጠዋት ኢናያትን ወደ ጥግ ወስዶት ነበር።

"እንደምታባብለው አውቃለሁ። ሁሉም ያውቃል፤ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። ዛሬ ተጫዋች መራጩ ቺማ ሳሂብ ሊያዩት ይመጣሉ። በልኩ ወርውርለት። እምቢ ካልክ አንተም እዚሁ ትቀራለህ።"

"ዘመናቸው እንዳለፈ ለሙዛፈር ብሃይ ለምን እርስዎ አይነግሯቸውም?"

"እኔ? ልጄ ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው የእሱን ፎቶ ነው! በኳስ ንገረው።"

አሁን ሱህራብና ቺማ ሳሂብ ከመረቡ ጀርባ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሱህራብ ጭን ላይ ፎጣ አለ፤ ከፎጣው ሥር የትራፊክ ፖሊስ የሚይዘው ዓይነት ፍጥነት መለኪያ።

ሁለተኛዋ ኳስ መምቻው ሳይነቃነቅ አለፈች። ሦስተኛዋ ጓንቱን ልሳ ወደ ሰማይ ነጠረች። ቺማ ሳሂብ ሳያስላቸው ሳሉ።

በሙዛፈር ቦታ ሊገባ ዓመቱን ሙሉ ሲዘጋጅ የከረመው ሐሲብ፣ የእግር መከላከያውን ታጥቆ ቆሟል። "ብሃይ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ። እኔ ልግባ?"

"ዕድሜ ይስጥህ! አፍህ ላይ ያለው ወተት እስኪደርቅ ቁጭ በል!"

ሁሉም ሳቁ። አብልጦ የሳቀው ሙዛፈር ነው።

አራተኛዋ ያንኑ የካቻምናውን ጎድን አገኘችው። በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሲነሳ ኢናያትን ተመለከተው፤ ቁጣ አልነበረበትም። ቁልፉ የገዛ ቤቱን በር አልከፍት ያለው ሰው አስተያየት ነበር።

ኢናያት አምስተኛዋን ጨለፈ። በልኩ ሊወረውራት ነበር። ክንዱ ግን ባለቤቱን አላማከረም፤ እንደለመደው የኳሷን ጨው ቀነሰ።

ሙዛፈር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። ጧ! መረቡ ከዳር እስከ ዳር ተንቀጠቀጠ።

"ይኸው!" አለ ሙዛፈር መምቻውን ወደ ላይ አንስቶ። "ይኸው ተመለስክልኝ! እጅህ ተበላሽቶ ነበር እንጂ እኔማ ምን ሆኜ!"

ሱህራብ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀ። "ሙዛፈር ብሃይ፣ መቼም እንደ እርስዎ ኳስ የሚያውቅ የለም። ይቺ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ትሆናለች?"

"ይቺ?" ሙዛፈር ላቡን በክንዱ ጠረገ። "መቶ አርባ አምስት። ብትቀንስ አንድ ብትቀንስ ነው።"

"የቅድሞቹስ?"

"እነዚያማ መንገድ የጠፋባቸው ናቸው። ፍጥነት ማለት ይቺ ናት!"

ሱህራብ የፎጣውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ መለኪያውን ወደ ቺማ ሳሂብ አዘነበለው። ኢናያት ቁጥሩን ለማወቅ ማየት አላስፈለገውም። መቶ አሥራ ሁለት። የገዛ አንጓው ነግሮታል።

ቺማ ሳሂብ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ሙዛፈር ለሳታቸው አራት ኳሶች ሰበብ ሊፈልጉለት ይችሉ ነበር፤ መሳት የማንም ነው፣ ቀንም ይከፋል። ለመታት ለአንዲቷ ግን ሰበብ አልተገኘላትም።

"ማሻአላህ" አለ ሱህራብ፣ ሁለቴ አጨብጭቦ። "ይቀጥሉ፣ ብሃይ። እኛ ሻይ እንጠጣ።"

ሐሲብን በጣቱ ጠራው። ሦስቱም ወጡ። ሱህራብ በኢናያት በኩል ሲያልፍ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ጎበዝ። እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ሻንጣህን አዘጋጅ፣ ትሄዳለህ።"

"ምን ቆመሃል?" ሲል ጮኸ ሙዛፈር ከወዲያ። ጎድኑን በግራ እጁ ደግፎ ይስቃል። "እንደዚያችው! እንደዚያችው ወርውርልኝ!"

ቅርጫቱ ውስጥ ሠላሳ ያህል ኳስ ቀርቶ ነበር። ኢናያት አንድ በአንድ እየጨለፈ ሁሉንም እንደዚያችው ወረወረለት። የእያንዳንዷ ድምፅ ያማረ ነበር፤ ከመረቡ ጀርባ፣ ፎጣው እስከቀረበት ባዶ ወንበር ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።