ያዘገየን ነገር

በልብስ ስፌቱ ፋብሪካ አዲሱ አለቃ ከመጣ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ቆሞ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ «ሥራችሁን ያዘገየው ምንድን ነው?» የተጠራው ነገር ወዲያው ይጠፋል። መጀመሪያ ሬዲዮው ጠፋ፤ ቀጥሎ ወንበሮቹ። «ልብስ የሚተኩሰው ሰውዬ ወሬ ያበዛል» የተባለ ዕለት ደግሞ ካውያው እንደጋለ ብቻውን ቀረ፤ ሰውየውንም የሚያስታውስ አልተገኘም፣ ከቁልፍ ሰፊዋ በቀር። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘግታ ትቆማለች።

ዛሬ ግን ከጎኗ የምትሰፋዋ ሴት በእሷ ፈንታ መለሰች። «እሷን የሚያዘገያት ልጇ ነው! አሞታል እያለች ስልክ ላይ ተጥዳ ትውላለች።»

«ኧረ አፍሽ ይቆረጥ! ማንም አላዘገየኝም!»

«አይዞሽ፣ እናስተካክለዋለን» አለ አለቃው ፈገግ ብሎ።

እየሮጠች ወጥታ ልጁን ለምትጠብቅላት እህቷ ደወለች።

«ልጄስ? ልጄ ደህና ነው?»

«ኤጭ፣ አንቺ ደግሞ! ይኸው ጭኔ ላይ ተኝቷል። ሲያስል አይሰማሽም?»

ሳሉ ተሰማት። ደግሞ አሳለ፤ ሳይጨርሰው መሀል ላይ ቆመ።

«እህቴ? ምን ሆነ?»

«ምኑ?» አለች እህቷ እየሳቀች። «ይልቅ አንቺ፣ መቼ ነው አክስት የምታደርጊኝ?»