የጭልፊት ሰዓት

ጋሽ ፈዬራ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ደብተሩን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ጸደንያ ገረማት። ፀሐይ ልትጠልቅ ምንም አልቀራትም፤ በዚህ ሰዓት ደግሞ የሚጻፍ ነገር እንደሌለ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም።

የመጣችው ለመሰናበት ነበር። ጋሽ ፈዬራ ድሮ ጤፍ የዘሩበት የገርጂ መሬት ኮንዶሚኒየም እየተሠራበት ነው፤ እሳቸውም አሁን ዘበኛው ናቸው። ከስምንት ወር በፊት ጭልፊቶች በመንጋ አጥሩን ሲያልፉ ሰዓቱንና ብዛታቸውን እንዲመዘግቡላት ለምናቸው፣ ይኼን ደብተር ሰጥታቸው ነበር። አንድ ቀን ሳያጓድሉ ጻፉላት። እሷም በየወሩ እየመጣች ገጾቹን ፎቶ ታነሣና ቤቷ ሄዳ ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች።

ኮምፒውተሩ ታዲያ አንድ ጉድ አወጣ። በሌላው አገር ጭልፊት ማለዳ ከማደሪያው ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል፤ የአዲስ አበባው ግን የሚጓዘው በቀትር ሆኖ ተገኘ። ጸደንያ ምክንያቱንም አላጣችውም። በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ እንደ አሸን የፈሉት የመስታወት ሕንፃዎች ቀትር ላይ አየሩን ያግሉታል፤ የጋለው አየር ሽቅብ ሲነሣ ወፎቹ ይሳፈሩበታል። የምርምር ጽሑፏን ያነበቡት የዩኒቨርሲቲ አማካሪዋ ዶክተር ገብረዋሕድ፣ እንኳን ሊጨብጡ ሰላምታም የሚቆጥቡት ሰውዬ፣ ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጧት። ጽሑፉ ነገ ጠዋት ለውጭ አገር መጽሔት ይላካል። መጨረሻው ላይ ለአውሮፕላን አብራሪዎች የሚያሰጋው ሰዓት ቀትር እንደሆነ፣ ጠዋትና ማታ ግን ሰማዩ ነፃ እንደሆነ የሚናገር ዐረፍተ ነገር አለ። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው እሱን ነው።

ለምስጋና ጃኬት ገዝታላቸው ነበር። ጋሽ ፈዬራ ለብሰውት፣ እጅጌው ረዝሞባቸው፣ ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል።

«ምን ሊጽፉ ነው ጋሼ?» አለቻቸው።

«ሊመጡ ነዋ» አሉና በአገጫቸው ወደ ባሕር ዛፎቹ አመለከቷት።

መጀመሪያ ሦስት መጡ። ቀጥሎ ሠላሳ የሚሆኑ፤ ከዚያ ሰማዩ በጭልፊት ተሞላ። አይጮኹም፣ አይዞሩም፤ ሥራ ውሎ እንደሚገባ ሰው ዝም ብለው ያልፋሉ። ቦሌ ሊያርፍ የመጣ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ዝቅ ሲል መንጋው ለሁለት ተከፈለ፣ አሳልፎትም ተመልሶ ገጠመ። ይኼ ጸደንያ ነፃ ነው ብላ የጻፈችለት ሰማይ ነው።

ጋሽ ፈዬራ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጥረው ሁለት መቶ አሥራ አራት ብለው ጻፉ። ቀጥለው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። አሥራ አንድ ከሃምሳ ሁለት ይላል። ቶሎ አልጻፉም፤ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ፣ ከቀኝም አንድ ጨመሩ። ከዚያ በጥንቃቄ 5፡52 ብለው ጻፉ።

ጸደንያ ሰዓታቸው አሥራ አንድ እያለ ለምን አምስት ብለው እንደጻፉ ጠየቀቻቸው።

«ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው የሚወጣው ብለሽኝ የለ?» አሉ፣ እንደማፈር ብለው። «ፈረንጅ የኛ ሰዓት ምን ይገባዋል ብዬ ከመጀመሪያውም በነሱ ነው የምጽፈው። አንቺም ስትገለብጪ እንዳትቸገሪ፣ ሥራሽን ላቅልልሽ ብዬ ነው ልጄ።»

ክው አለች። እሷም እኮ እንደዚያው ነበር ያሰበችው። አራሽ የነበሩ ሽማግሌ የፈረንጅ ሰዓት ከየት ያውቃሉ ብላ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቃቸው፣ ወደ ፈረንጅ ሰዓት ለመለወጥ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ስድስት ስትደምር ከርማለች። አንዴ የተቀየረውን ሰዓት ደግማ ቀየረችው። የማለዳው 6፡20 በፈረንጅ 12፡20፣ የማታው 5፡50 ደግሞ 11፡50 ሆኖ፣ መሄዱም መመለሱም ቀትር ላይ ተደራረበ። የስምንት ወር ልፋቷን ውሃ በላው። ልፋቱ ከነከናት፤ ሽማግሌውን መናቋ ግን ከዚያ ይበልጥ አሳፈራት።

«ጋሼ፣ ጭልፊቶቹ መቼ መቼ ነው የሚያልፉት?» አለች። ይኼን ስትጠይቃቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ። እንደ ሰው ነው እንጂ ሌላ መቼ?» ፊቷን አይተው ደነገጡ። «አጠፋሁ እንዴ?»

መልስ እስክትሰጣቸው አልጠበቁም። ከጃኬቱ ሥር፣ ከደረት ኪሳቸው ላጲስ አውጥተው ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሱት፤ የስምንቱን ወር በሙሉ ሊያስተካክሉ ነው። ጸደንያ እጇን ገጹ ላይ አደረገች።

«ይተዉት ጋሼ። የእርስዎ ልክ ነው።»

ስልኳን አወጣች። የዶክተር ገብረዋሕድን ስም አገኘችው፣ ግን ጣቷ አልታዘዝ አላት። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ደብተሩን ይዛ ብትሄድ ማንም አይጠይቃትም፤ ያ የጨበጧት እጅም አሁን ድረስ ይሞቃታል። ሌላ አውሮፕላን መብራቱን አብርቶ ከወዲያ እየመጣ ነበር።

ከባሕር ዛፎቹ በኩል አንድ ጭልፊት ብቻውን፣ ከሁሉ ዘግይቶ ብቅ አለ። ጋሽ ፈዬራ አጥሩን እስኪያልፍ በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ ወደ ዛሬው ገጽ ተመለሱና ላጲሱን በምራቃቸው አርሰው ከሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ አራቷን አጠፉ፤ ብናኙን እፍ አሉና በቦታው አምስት ጻፉ።

ጸደንያ ደወለች።