ባለቤቴ ስዋሚ ሊሆን ነው

ሰርፀ ብዬ ስጠራው ዞር አይልም። ጎንበስ ብሎ የጓሮውን ቅጠል ይጠርጋል፤ ሳንሆዜ ቤታችን አንድ ቀን እንኳ መጥረጊያ ነክቶ የማያውቅ ሰውዬ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስደግመው አጠገቡ የቆመችው ነጭ ልጅ ፈገግ ብላ "ስዋሚጂ" በይው ትለኛለች። የድሮ ስሙን ትቶታል፣ የሚመነኩስበት ሥነ ሥርዓት እሁድ ቢሆንም እኛ ከአሁኑ እየለመድነው ነው አለች። የገዛ ባሌን ለእኔ ታስተዋውቀኛለች እንግዲህ።

የመጣሁት ልወስደው ነው። ፋሲካ ሰሞን ለአንድ ሳምንት የጸሎት ሪትሪት ብሎ ወጥቶ እዚሁ ኦክላንድ ኮረብታ ላይ ካለው የህንዶች ገዳም ቀረ። የኩፐርቲኖ ሥራውን ኪዊት ብሎ ለቋል። ስልክ አያነሳም፤ ቴክስት ሳደርግለት የተጣመሩ እጆች ምስል ብቻ ይልክልኛል። ዛሬ መንገዱን ሙሉ ልመና ስለማመድ ነው የመጣሁት፤ እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን ይዤው እመለሳለሁ ብያለሁ። ብርቱካናማ ጨርቁን ትከሻው ላይ ሲያስተካክል ሳየው ግን የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ደግሞ ያምርበታል፣ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

"ስዋሚጂ" እለዋለሁ በመጨረሻ።

ያኔ ይዞራል። በእንግሊዝኛ ዌልካም ይለኛል፣ ለመንገደኛ በሚሰጥ ፈገግታ።

በረንዳው ላይ የቤቱ አለቃ ተቀምጠዋል፤ ከህንድ የመጡ ሽበታም እናት ናቸው፣ ሁሉም አቻሪያጂ ይላቸዋል። አጠገባቸው አስቀምጠው ሻይ ያስቀዱልኛል። ሰርፀ ከእግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ጉሩ፣ አቻሪያ፣ ስዋሚ፣ ይሄ ሁሉ ማዕረግ ምንድን ነው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ በእኛ ቋንቋ ለጉሩ የሚቀርበው ጉራ ነው፣ ትርጉሙም ያልሆኑትን ነኝ ማለት ነው አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ሰርፀ አልሳቀም።

ቅር ሳይላቸው አንድ በአንድ ያስረዱኛል። መጨረሻው ላይ ያለችው ጂ ማክበሪያ ናት። ጉሩ ማለት ከባድ ነው፣ ነፋስ የማይወስደው ሰው። አቻሪያ ብዙ ያወቀ ሳይሆን የሚያስተምረውን የሚኖር ነው፤ እኔም ገና እየሞከርኩ ነው አሉ። ስዋሚስ ስላቸው "ኦነር" አሉኝ፤ የራሱ ጌታ የሆነ ሰው። ጥንት ሚስት ባሏንም በዚሁ ቃል ትጠራው ነበር ብለው ጨመሩልኝ።

"በእኛም አንድ ቃል ነው" እላቸዋለሁ። "ባለቤት። የቤቱም ጌታ፣ ባልም።"

ይሄ በጣም ደስ አላቸው። ሻያቸውን አስቀምጠው እጄን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። ሚስት ያለውን ሰው ሚስቱ ካልፈቀደች እዚህ ቤት እንደማያመነኩሱት ይነግሩኛል። አንቺ ግን በሙሉ ልብሽ ፈቅደሽለታል፣ ሲነግረኝ አልቅሻለሁ፣ እንዳንቺ ያለች ሴት አይቼ አላውቅም አሉኝ።

ሰርፀን አየዋለሁ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ፀዲዬ" ይለኛል ቀስ ብሎ። ለካ አማርኛው አልጠፋም። "በናትሽ፣ አዎ በያቸው። ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅሽም።"

ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። እንዲህ ሲለምነኝ ስንት ሌሊት በሕልሜ አይቼዋለሁ፤ በሕልሜ ግን የሚለምነኝ ቤት እንዳስገባው ነበር። ሴትየዋ እጄን እንደያዙ መልሴን ይጠብቃሉ። አዎ ካልኩ እዚሁ ቅጠሉን እየጠረገ ይኖራል፣ ያለ እኔ ደስ ብሎት። እሱን እያሰብኩ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

"አልፈቀድኩም" እላቸዋለሁ። "ጠይቆኝም አያውቅ።"

እጄን ቀስ ብለው ይለቃሉ። አይቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ለዚህ ስም ብሎ የዋሸ ሰው የራሱ ጌታ ሊሆን አይችልም፣ ዛሬውኑ ወደ ቤትህ ሂድ ይሉትና ጨርቁን ሊቀበሉት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ጨርቁን አውልቆ ያጣጥፈዋል። ጫፍና ጫፉ አልገጥም እያለው ደጋግሞ ይዘረጋዋል። ከሥር የድሮ መሥሪያ ቤቱን ቲሸርት ለብሷል፣ ብብቱ ላይ ተቀዷል። ነጯ ልጅ አፏን ይዛ ታየዋለች።

ቀድሜው ሄጄ መኪናዬ ውስጥ ገብቻለሁ። ዕቃውን በፌስታል ይዞ እየተጎተተ ይመጣና በመስኮቱ ጎንበስ ይላል። ዓይኑ ቀልቷል።

"እሺ፣ አሸነፍሽ" ይለኛል። "እንሂድ በቃ።"

ደህና አድርጌ አየዋለሁ። ናፍቆቱን ብፈልገው የለም። ለካ የምፈልገው ሲለምነኝ ማየት ኖሯል፤ እሱን ደግሞ አይቻለሁ። እንዲህ ያለሁ ክፉ ነኝ ብዬ አስቤም አላውቅ። ቤተክርስቲያን ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ሥራ አግኝቶ ቴክሳስ ሄዷል እያልኩ ነው የከረምኩት።

"አንተ ቴክሳስ ነህ" እለዋለሁ። "ለሰው ሁሉ የነገርኩት እንደዚያ ነው። እዚያው ሁን።"

የቀለድኩበት መስሎት ይስቃል። መስኮቱን ዘጋሁት። በመኪናው ፊት ዞሮ ወደ ጋቢናው ይሄድና በሩን ይስባል። ተቆልፏል። አይቆጣም፤ ረስቼው መስሎት ፌስታሉን ወደ ሌላኛው እጁ አዛውሮ እስክከፍትለት ይጠብቃል። እጁ እዚያው በሩ ላይ እንዳለ ማርሽ አስገባለሁ።