የአሥር አለቃ ለተማርያም ሁለት ኪሎ

«ጫማሽን! ቀበቶሽን! ፊሽካሽንም ጭምር!» አሉ ቡና ነጋዴዋ ዘምዘም።

አሥር አለቃ ለተማርያም ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ቡና ጆንያው ላይ ጣለችና ባዶ እግሯን ሚዛኑ ፊት ቆመች። ግን አልወጣችም። ስድስት ዓመት ሙሉ በጀጎል ሸዋ በር ላይ ከባድ መኪና በአንድ እጇ ስታስቆም የኖረች ሴት የቡና ሚዛን ፈራች።

«ምነው? ይነክሳል እንዴ?»

«እትዬ ዘምዘም፣ አሁንም ስልሳ ሰባት ቢሆንስ?»

«ከሆነማ ሞተሩን ትተሽ እኔ ዘንድ ቡና ልቀሚ!» ብለው ሳቁ። ለተማርያም አልሳቀችም።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረማ። ድሬዳዋ ላይ ለሞተር ብስክሌት ትራፊክ ኮርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ይመለመላል ተብሏል። ክብደቷ ከስልሳ አምስት ኪሎ እንዳይበልጥ፣ ዕድሜዋም ሠላሳ አምስት እንዳይሞላ። ለተማርያም ሐምሌ ላይ ሠላሳ አምስት ይሞላታል። ምልመላው ዛሬ ነው፤ የፖሊስ ጣቢያው ላንድሮቨር ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ዛሬ ካመለጣት አለቀ፤ አስፋልት ላይ ቆማ እግሯ እንዳበጠ ጡረታ መውጣቷ ነው።

ከመስከረም ጀምራ አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሳለች። ሰባ ስምንት የነበረችው ስልሳ ሰባት ስትደርስ ኪሎው አሻፈረኝ አለ። እሷም የዋዛ አይደለችም፤ በቀን አንዴ ትሮጠው የነበረውን የጀጎል ግንብ ዙሪያ ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ አደረገችው። ምሳ ተወች። በዚያ ላይ ገመድ ዘለለች። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ ከረመች፤ ኪሎው ግን ወይ ፍንክች! ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላታል፣ ቀን ሥራ ላይ ቆማ ዓይኗ ይጨልማል። አንድ ቀን እንዲያውም ለአህያ ፊሽካ ነፍታ «መንጃ ፈቃድ!» ብላ እጇን ስትዘረጋ ሸዋ በር በሳቅ ፈረሰ።

ባለፈው እሑድ ዘምዘም ዝም ማለት አቃታቸው። ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ጣታቸው ሲነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«አየሽ? ይኼ ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው። ገላሽ ፈርቶሽ ያገኘውን ሁሉ ይደብቃል። እናንተ ፖሊሶች አላምንም ያለ ሰው ስታገኙ ዱላውን ትጨምራላችሁ። ገላሽም ተጠርጣሪ መሰለሽ?»

ለተማርያም ደንግጣ ወደ በሩ ዞር አለች፤ እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ጊዜ ጮክ ተብሎ አይነገርም። ዘምዘም ግን ምን ቸገራቸው! ስልሳ ዓመታቸው ነው፤ ማንንም አይፈሩም። ፍርዳቸውን ሰጡ፦ እስከ ዐርብ ሩጫ የለም፣ ገመድ የለም፣ ሚዛንም የለም። ማታ በጊዜ መተኛት፤ ምሳም መብላት፤ ጠዋት ጠዋት እሳቸው ዘንድ ቁርስ።

«የእኔ ሥጋ ለአንቺ አይሆንም፣ የአንቺም ለእኔ» አሉ ሰኞ ጠዋት ሳህኑን እየገፉላት። «ፉል ግን ሃይማኖት የለውም። ወላሂ ሳትጨርሺ አትወጪም!»

የመጀመሪያውን ቀን እያለቀሰች በላች፤ እያንዳንዱ ጉርሻ ሞተሩን ከእጇ የሚነጥቃት መሰላት። ማክሰኞ እግሯ ሩጫ ለምዶ አላስቀምጥ አላት፤ በራሷ ላይ በር ዘጋች። ረቡዕ ፀሐይ እስኪወጣባት ተኛች። ሐሙስ ሌሊት ደግሞ ሽንት ቤት ስትመላለስ አደረች።

ይኸው ዐርብ ሆነ። ከድሬ ጠያራ ገጠር ቡና ያመጡ ሽማግሌ ጆንያቸውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ።

«ውጪ እንጂ ልጄ፣ እኔም ቤት አለኝ» አሉ።

ወጣች። ዘምዘም «ቢስሚላህ» ብለው የሚዛኑን ብረት ስልሳ ሰባት ላይ ገፉት። ብረቱ ከብዶ ዘንጉ ወደ ታች ዘጭ አለ። ወደ ስልሳ ስድስት መለሱት፤ አሁንም ዘጭ። ስልሳ አምስት፤ ዘጭ!

«ሱብሐነላህ!» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይጠየቁ።

ስልሳ አራት ተኩል ላይ ዘንጉ ቀስ ብሎ ተነሳና መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለተማርያም አፍጥጣ አየችው። በዚያ ሁሉ ቀን ዘንጉ ወዲያ ወዲህ እያለ አልረጋ ሲላቸው ሁለቱም ሚዛኑ አርጅቷል ይሉ ነበር። ለካ ይንቀጠቀጥ የነበረው የእሷ ጉልበት ኖሯል!

«እትዬ፣ እባክዎ እንደገና ይመዝኑኝ።»

«ሚዛኔን ነው የምትጠረጥሪው? ውረጂ!» አሉ ዘምዘም፤ ግን ድምፃቸው ተሰብሮ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አልሐምዱሊላህ። ውረጂ፣ የእኔ ልጅ።»

ውጭ ላንድሮቨሩ ጡሩንባውን ነፋ። «አሥር አለቃ! ሁለት ሰዓት ሆነ እኮ!» ብሎ ሾፌሩ ጮኸ።

ሽማግሌው ጆንያቸውን ወደ ሚዛኑ ሊያወጡ ጎንበስ ብለው አንዱን ጫፍ ፈለጉ።

«አንዴ ጠብቀኝ!» ብላ መለሰች ለተማርያም፤ ከሚዛኑ ወርዳ በባዶ እግሯ እንዳለች ሌላውን ጫፍ ያዘች። ሽማግሌው የእሳቸውን ወገን በቅጡ ሳይጨብጡ ጆንያው ሚዛኑ ላይ ነበር።