መውጫ ያለው መኪና

ሰማያዊው አውቶቡስ አልወጣም አለ። ናኢማ በአውራ ጣቷ ደግማ ነካችው፤ ከፊቱ የቆመውን ቀይ ታክሲ ገጭ አድርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ስልኩ ላይ መኪኖች ተፋፍገው ቆመዋል። አንዱን ሲነኩት ፊቱ ክፍት ከሆነ ተፈትልኮ ይወጣል፤ ዝግ ከሆነ ገጭቶ ይመለሳል። ሌላ ሕግ የለውም። አያጣድፍም፣ አይቆጣም፣ ምንም አይጠይቅም። ናኢማ በዚህ ሰሞን የሙጥኝ ያለችውም ለዚህ ነው፤ እቤት ውስጥ መልስ ያለው ነገር እሱ ብቻ ሆኖባታል።

አባቷ ሁሴኖ አጠገቧ ተቀምጠዋል፣ በረንዳው ላይ፣ ቀኝ ጎናቸው በትራስ ተደግፎ። ከአሰላ እስከ ጢቾ ሚኒባስ እየነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውንና አንደበታቸውን ከያዘባቸው ከወር በላይ ሆኗል። ሐኪሙ ምን ያህል ነገር እንደሚገባቸው ገና አይታወቅም ብሏል። «እጄን ጨበጥ ያድርጉልኝ» ሲሏቸው አይጨብጡም። «ይቺ ማን ናት?» ሲሏቸው ዓይናቸው ወደ ጭላሎ ተራራ ይሄዳል።

እናቷ ዙቤዳ የአጥሚቱን ኩባያ ይዘው ተነሡ። ግማሹ እንኳን አልተጠጣም።

«አያውቀኝም፣ ናኢማ» አሉ። «በአማርኛ ባናግረው፣ በኦሮምኛ ባናግረው፣ እንግዳ እንዳየ ሰው ነው የሚያየኝ።»

«ቀስ በቀስ ነው ተብሏል እኮ፣ እማ።»

«አንቺማ ስልክሽን እየነካካሽ ቀስ በቀስ ትይኛለሽ።»

ናኢማ ቀና አላለችም። ቀና ካለች እንባዋ እንደሚመጣ ታውቃለች። እናቷ ኩባያውን ሊያጥቡ ወደ ጓሮ ዞሩ።

ቀዩን ታክሲ ብትሞክረው በነጭ ፒክአፕ ተዘግቷል። ፒክአፑም አልንቀሳቀስ አለ። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችው፤ መውጫ ያለው መኪና አንድም የለም። ጣቷን መልሳ ወደ አውቶቡሱ ሰደደች።

አንድ እጅ መጥቶ ጣቷን ያዘ።

ከበድ ያለ፣ ሻካራ እጅ ነው። ናኢማ አልተነቃነቀችም። የአባቷ ግራ እጅ የእሷን ጣት ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ከዚያ ጥጉ ላይ ተደብቃ የቆመች፣ እሷ ጨርሶ ያላየቻትን ትንሽ ቢጫ ባጃጅ ነካ።

ባጃጇ ሽው ብላ ወጣች።

አላቆሙም። ፒክአፑን ነኩ፤ ወጣ። ታክሲውን ነኩ፤ ወጣ። አንዴ ጣታቸው ስቶ ሌላ መኪና ገጨባቸው፤ ትንፋሻቸውን በአፍንጫቸው ለቀቁ፣ ተሳፋሪ ሳይሞላ ውጣ እንደተባለ ሹፌር። በመጨረሻ ሰማያዊውን አውቶቡስ አስወጡት። የጨዋታው ሜዳ ባዶ ሆነ።

«አባ» አለች ናኢማ። «አባ፣ እዚሁ አሉ ማለት ነው?»

ቃሉ የገባቸው አልመሰለም። ስልኩን ግን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ ሌላ አምጪ ማለታቸው ነው። ቃል የማያስፈልገው ነገር ነበር ሲፈልጉ የቆዩት። ናኢማ እየሳቀችም እያለቀሰችም ቀጣዩን ከፈተችላቸው።

«እማ!» ብላ ተጣራች። «ነይ፣ ቶሎ ነይ።»

ዙቤዳ ክፉ ነገር የመጣ መስሏቸው እጃቸው በሳሙና እንደተለቀለቀ እየሮጡ መጡ። ደረጃው ላይ ቆሙ። ባላቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ያዝ አድርገው፣ መኪኖቹን አንድ በአንድ ሲያስወጡ አዩ። አንዱን ሊነኩ ጣታቸውን ዘረጉና ተዉት፤ አሰቡና ከጀርባው ያለውን መረጡ።

«እያሰበ ነው» አሉ ዙቤዳ፣ በሹክሹክታ።

«አዎ፣ እያሰቡ ነው።»

ዙቤዳ ደረጃው ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ደጋግመው፣ በትንፋሽ ብቻ። ሁሴኖ ቀና ብለው አዩዋቸው። ተራራውን አይደለም ያዩት፤ እሳቸውን ነው። ከዚያ ስልኩን በግራ እጃቸው ገፋ አድርገው ወደ ሚስታቸው አስጠጉት።

«እኔ ደግሞ ይኼን የት አውቄው» አሉ ዙቤዳ። ግን ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና አንድ አረንጓዴ መኪና ነኩ። መኪናው ገጭቶ ተመለሰ።

ሁሴኖ ራሳቸውን ነቀነቁ። የከንፈራቸው ግራ ጫፍ ብቻ ወደ ላይ ተሳበ። ገና ያልደረቀውን የሚስታቸውን ጣት ያዙና ቀስ አድርገው መንገዱ ወደተከፈተለት መኪና ወሰዱት።